የደመወዝ ልምምድ

የሥራ ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ስለሆነ፣ የኔትወርክ መሐንዲሱ ይድነቃቸው ኮምፒውተሩን ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ከፍቶ መስመሩን ፈተሸ። በአሁኑ መሥሪያ ቤቱ ስድስት ዓመት ያለ እድገት ቆይቶ፣ ዛሬ አዲሱን ቀጣሪ አርባ ሺህ ብር ደመወዝ ሊጠይቅ ቆርጧል። ሴት አያቱ ግን ከማለዳ ጀምሮ ከአጠገቡ አልራቁም።

«አርባ ሺህ! ሰውዬው ደንግጦ ቢያባርርህስ? እስቲ እኔ አለቃ ልሁንና ተለማመድ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሃያ ሺህ እንከፍልሃለን።»

«እሺ።»

«ምን ብለህ ነው እሺ የምትለው! የዚያን ሁሉ ባንክ ቅርንጫፍ መስመር የዘረጋህ አንተ! ኔትወርክ ጠፋ በተባለ ቁጥር ከፋሲካ ገበታ የምትነሳ አንተ! ያስተማርከው ልጅ አለቃህ ሲሆን እንኳ ዝም ያልክ! ደግሞ እሺ ይላል!»

ከኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው ሳቀ። መሐንዲሱ የቃለ መጠይቁን መስመር ከፍቶ ሲፈትሽ ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስቶ ኖሯል።

«እማማ፣ እኛም ቀደም ብለን ገብተን ሁሉንም ሰምተናል። ልንጠይቀው ያሰብነውን እርስዎ ጨረሱልን። በአርባ ሺሁ ተስማምተናል» አለ ቀጣሪው።

ይድነቃቸው እሺ ሊል አፉን ሲከፍት፣ አያቱ ክንዱን ያዝ አደረጉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

«ያ እኮ ልምምድ ነው፣ የኔ ጌታ» አሉ። «ልጁ የሚፈልገው አርባ አምስት ነው።»