ሚስስ ፔንሮዝ የመረዙት ባል

«እንቺ፣ አንብቢ! ሴትዮዋ አላበዱም!» ፈትለወርቅ የወረቀቱን ክምር ዮርዲ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

«እትዬ ፈትለወርቅ፣ ፕሊስ፣ ይረጋጉ። ዶክተሩ ሳይን አድርጓል፤ ሚስስ ፔንሮዝ ዛሬ በሩ ወደሚቆለፈው ሎክድ ዋርድ ሙቭ ይደረጋሉ።» ካናዳ፣ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገችው ዮርዲ በከተማዋ ኦግደን ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የሺፍቱ ኃላፊ ነርስ ናት። «ደግሞ፣ ላይክ፣ ሪፖርቱን የጻፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

የአረጋውያኑን ተንከባካቢ ፈትለወርቅን ያንገበገባትም ይኸው ነው። በማታ ትምህርት ያገኘችውን እንግሊዝኛ ለማሳየት፣ ሚስስ ፔንሮዝ የሚናገሩትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር መዝገብ ላይ ስታሰፍር ከርማለች። ሰኞ፣ «ጌታዬ፣ እራት ቀርቧል» አሉ። ማክሰኞ፣ ባሌን መርዤዋለሁ ብለው አለቀሱ። እጄን ይቁረጠው!

ዛሬ አንሶላ ስትቀይር ወረቀቶቹን ከፍራሹ ሥር አገኘቻቸው፤ የድሮ የድራማ ድርሰቶች ናቸው። ሴትዮዋ ከ1950 እስከ 1985 ለንደን ውስጥ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበሩ፤ ገረድ፣ ቤት አከራይ፣ ወሬኛ ጎረቤት፣ አንዴም ነፍሰ ገዳይ ሆነው ተጫውተዋል። ዋና ተዋናይ ሆነው አያውቁም። የሳቸው ቃል በቀይ ተሰምሮበታል፤ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። እንዳይረሱት በየቀኑ ይለማመዱ ነበር። ተዋናይ ነበርኩ ቢሉት ዶክተሩ እሱንም ከእብደቱ ቆጠረው።

ወረቀቶቹን አንሥታ ዮርዲን ወደ ሴትዮዋ ክፍል እየጎተተች ወሰደቻት። ሚስስ ፔንሮዝ ካፖርታቸውን ለብሰው ሻንጣቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

ፈትለወርቅ ከድርሰቱ ላይ የፖሊሱን ቃል አነበበች፤ «ባልሽ የት ነው?»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «መርዤዋለሁ። ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁለት።»

ዮርዲ ወደ በሩ አፈገፈገች። ሴትዮዋ ግን እንባቸውን ጠርገው፣ «ተቻኮልሽ» አሏት ፈትለወርቅን። «ፖሊሱ ባርኔጣውን ሳያወልቅ አይጠይቅም።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ዮርዲ። «ሚስስ ፔንሮዝ፣ ይቅርታ። ዶክተሩን አሁኑኑ ኮል አደርጋለሁ። ሪፖርቱ ነው እኮ ያሳሳተን።»

«የምን ሪፖርት?»

ዮርዲ መዝገቡን አምጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡት።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፈትለወርቅ።

«አንዲት ቃል አልሳትሽም።» መዝገቡን በንዴት ከደኑት። «ሠላሳ አምስት ዓመት ስሠራ አንድ ሰው ከልቡ ቢያዳምጠኝ፣ እሱም በር ሊያስቆልፍብኝ!»

ተነሡ። ዕድሜ ልካቸውን በድራማ ገረድ ሆነው የሌላውን ካፖርት ሲቀበሉ የኖሩት ሴትዮ የራሳቸውን አወለቁና፣ ፊቷን እንኳ ሳያዩ፣ ፈትለወርቅ ክንድ ላይ ጣሉት።