ከአቡጀዲው ወዲያ

ድመቱ ኮቱን ቆልፎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ እንደ ወረዳ ሹም እየተንጎራደደ አቡጀዲው ላይ ብቅ ሲል የሮቢት የእህል መጋዘን በሳቅ ተናጋ። ጀይሉ ግን አልሳቀም። ሰው በእጁ የሳለው ድመት ነፍስ ዘርቶ ሲራመድ እያየ በምን አፉ ይሳቅ። "ሱብሃነላህ" አለ ቀስ ብሎ።

ሲኒማውን ያመጡት የወባ ማጥፊያ ሰዎች ናቸው። መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍነው ቤቱን በጠራራ ፀሐይ አጨለሙት። አቡጀዲው መጋዘኑ መካከል ይሰቀል ያሉት ግን ደም አስታራቂው አበጋር ሙሀመድኑር ናቸው። ደመኞች ሳይታረቁ ፊት ለፊት አይተያዩምና የጀይሉን ወገን ከወዲህ፣ የኢብራሂምን ወገን ከወዲያ አስቀመጡ። ሥዕሉ እንደሆነ ለሁለቱም ይታያል።

ጀይሉና ኢብራሂም መሬታቸው ኩታ ገጠም፣ ልባቸውም አንድ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በግጦሽ ተጣሉና ኢብራሂም በዱላ ቅልጥሙን ሰበረው። ጀይሉ ከዚያ ወዲህ ያነክሳል። አበጋሩ ሁለት ጊዜ ለእርቅ ለምነውት ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏል።

"ሦስተኛው ዛሬ ነው" ብለውታል ጧት። "ዛሬም እምቢ ካልክ እኔ እጄን አውጥቻለሁ። ወላሂ፣ ጠቡ ለልጆቻችሁ ነው የሚተርፈው።"

ድመቱ ከፊቱ የምትሮጠውን አይጥ ሊመታ ዱላውን ሰነዘረ። ዱላው ግድግዳውን መትቶ ነጠረና ባለቤቱን ራሱን እንደ ቂጣ ጠፈጠፈው። ሞተ ሲባል ተነሣ፤ አቧራውን አራግፎ እንደገና መንጎራደድ።

ይሄኔ ከወዲያ አንድ ሳቅ መጣ፤ እንደ ስቅታ እየተቆራረጠ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ። ጀይሉ ክው አለ። የኢብራሂም ሳቅ ነው። ድሮ ይህን ሳቅ ለመስማት ብሎ ያልሠራው ቂልነት አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲጎድለው እንደኖረ ገባው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ቀጥሎ ዱላው የድመቱን ቅልጥም አለው። ድመቱ እያነከሰ ሲዘል ሰዉ ከዚህም ከዚያም በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ግን ቀጥ አለ። ጀይሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ፤ አልተመለሰም።

'አፍሮ ነው' አለ በልቡ።

ከዚያ ሳያስበው ሳቅ ከሆዱ ፈነዳ። ከወዲያ እንዲሰማ በዱላው መሬቱን እየደበደበ ሳቀ። ዘመዶቹ ዞረው አዩት፤ የአበጋሩ ጣቶችም መቁጠሪያቸው ላይ ቆሙ። ጀይሉ ተነሥቶ እያነከሰ ወደ አቡጀዲው ሄደ።

"ጋረድኸን እኮ" አለ የወባው ሰው ከሲኒማው መኪና አጠገብ።

ጀይሉ አልሰማውም። ጥላው ጨርቁን ሞልቶታል። ከወዲያ አንድ ድምፅ መጣ።

"እግርህ ያምሃል እንዴ?"

"ዝናም ሲጥል ብቻ" አለ ጀይሉ።

ከአቡጀዲው ጠርዝ ስር አንድ እጅ ወጣ። መሬት መሬቱን ዳብሶ የተሰበረውን ቅልጥም አገኘና ያዘው። ጀይሉ አልተንቀሳቀሰም። ድመቱ ጀርባው ላይ ይወድቃል፣ ይነሣል።