ቡላ የዋጠው

ቡላ ገና ሦስት ወሩ ነው። እፀገነት ኮልፌ ገበያ ጀርባ፣ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ በካርቶን ተጥሎ አግኝታ ነው ያመጣችው። እናቷ ተናኘ መጀመሪያ «ለእኛ ሳይበቃን ውሻ!» ብላ ተቆጥታ ነበር። ጠበል መመላለስ ከጀመረች ወዲህ ግን ልቧ ራርቷል። ጠዋት ከጠበል ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከቁርስ ዳቦዋ እየቆረሰች ታጎርሰዋለች።

ችግሩ ጋሽ ግሩም ናቸው።

ጋሽ ግሩም ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ዶሮ ያረባሉ። ባለፈው ሳምንት ቡላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባና አንዲት ቄብ አነቀ። ጋሽ ግሩም የሞተችውን ቄብ በእግሯ አንጠልጥለው መጡ።

«እንቁላል ልትጥል ሳምንት ነበር የቀራት» አሉ። «ስሚ እፀገነት፣ ይሄን ውሻ እሰሪው። አለዚያ አንድ ነገር አቀምሰዋለሁ።»

«አስረዋለሁ ጋሼ።»

«በዚህ ዕድሜው ዶሮ የለመደ፣ ሲያድግ እኔኑ ነው የሚበላኝ!»

እፀገነት አላሰረችውም። ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል አለ።

ከዚያ ወዲህ ቡላ ጤና የለውም። ረፋዱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ምሳ ቀምሶ ሲተኛ ይሻለዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ነው። እፀገነት ነገሩ ገባት። በየቀኑ ጎንበስ ብላ የአጥሩን ሥር እየጠረገች ሥጋ ወይም ዱቄት ነገር ትፈልጋለች። አንድም ቀን ምንም አላገኘችም። ጋሽ ግሩም ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው ለእናቷ ክኒኗን ከውሃ ጋር አቀበለቻት፤ ግቢውን ጠረገች፤ ልብስ ዘፈዘፈች። ልብሱን ሳታጥብ ቡላ በጎኑ ወደቀ። እግሮቹ አየር ይረግጣሉ፤ ካፉ ለሀጭ ይወርዳል።

«እማዬ! ቡላ ሊሞት ነው!»

እናቷ ጋደም ብላ ነበር። የጠበሉ ዳገት ሰሞኑን አድክሟታል፤ ጆጉን ራስጌዋ አድርጋ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች። ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ቡላን ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስኳር በጥብጪና አጠጪው።»

«መርዝ እኮ ነው የበላው! ወተት ነው እንጂ!»

«ስኳር አልኩሽ!»

እፀገነት በማንኪያ አጠጣችው። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። እናቷ ጎንበስ ብላ ራሱን ዳበሰችው።

«እኔን» አለች። «እኔን።»

«አብረን ሐኪም ጋ እንውሰደው?»

«እግሬ አይችልም። አንቺ ሂጂ፣ ቶሎ በይ።»

እፀገነት ቡላን በሹራቧ ጠቅልላ ወጣች። ጋሽ ግሩም በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ምን ሆነ እሱ?»

እፀገነት ትልቅ ሰው ተናግራ አታውቅም። ዛሬ ግን አፏ ቀደማት።

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«እኔ ምኑን ነው የማውቀው?»

«ቡላ ከሞተ ፖሊስ ይዤ ነው የምመጣው!»

«ለውሻ ፖሊስ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «እናትሽስ? ብቻዋን ናት?»

«እናቴ ምን አገባዎት?» አለችና ወደ ታክሲው ሮጠች።

የአስኮ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሹራቡን ገለጥ አድርገው አዩ። «ሕፃን መስሎኝ! በስመ አብ» ብለው ሸሹ። እፀገነት የቡላ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን ብቻ ነበር የምታየው። ሲቆም ትንፋሿ አብሮ ይቆማል።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ሃጂራ ትባላለች። ብዙ አታወራም። ከቡላ ጆሮ ጠብታ ደም ወስዳ ለካች፤ ግንባሯን ቋጠረች። መርፌ ወጋችው።

«ምን በልቶ ነው?»

«ጎረቤታችን መርዝ እያበሉት ነው። ዶሮ ገደለባቸው። አቀምሰዋለሁ ብለው ዝተዋል፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ። ጋሽ ግሩም ነበሩ። አላነሳችም። እንደገና ጠሩ።

«እሳቸው ናቸው» አለች። «ፖሊስ ስላልኩ ፈርተዋል። ልመና ሊጀምሩ ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ ስልኩን ዘጋችው።

ቡላ ድንገት ጠረጴዛው ላይ አስታወከ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ጭራውን ወዘወዘ።

«ይተርፋል» አለች ሃጂራ።

እፀገነት አለቀሰች። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «በወረቀት ይጻፉልኝ ዶክተር» አለች። «መርዝ መሆኑን ይጻፉልኝ። ለፖሊስ ነው የምሰጠው።»

ሃጂራ ከትውከቱ ውስጥ የራሰ ዳቦ በወረንጦ አነሳች። ለሁለት ስትከፍለው መሃሉ ላይ ጠርዙ የሟሟ ነጭ ክኒን ተቀምጧል።

«የአይጥ መርዝ ነው አይደል?»

«አይደለም። ይሄ የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን ነው፤ አባቴም ይወስደዋል። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው አለ?»

«እናቴ አለባት። ግን የእሷ ሊሆን አይችልም። በየቀኑ በእጄ ነው የምሰጣት፤ አፏ ውስጥ ስታስገባው ቆሜ አያለሁ።»

ሃጂራ ዳቦውን አየች። ቀጥላ እፀገነትን አየቻት፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እናትሽ ክኒን ከዋጡ ስንት ቀን ሆኗቸዋል?»