የኖታ ገላጯ

እህቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ገጹን ገለጥኩ። እፎይ! እስካሁን አራት ጊዜ ገልጬ አንዱንም አላበላሸሁም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሙዚቃ ኖታ ማንበብ ከየት አውቄ? ገጽ የሚገልጥላት ሰውዬ ዛሬ ጠዋት ታሞ ቀረና፣ «እትዬ፣ በሞቴ፣ አንቺ ግለጪልኝ። ራሴን ስነቀንቅ ብቻ ነው» አለችኝ። ይኸው ስድስት መቶ ሰው ፊት ከፒያኖው ጎን ተጎልቻለሁ።

ድሮ ወረቀት አይታ አትጫወትም ነበር፤ ሁሉም በቃሏ ነው። ዓምና መድረክ ላይ፣ መሃል ስትደርስ ጥፍት አለባት። እጆቿን ቁልፎቹ ላይ እንደዘረጋች ደርቃ ቆየች፣ ከዚያ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መድረክ ስትወጣ ዛሬ ገና ነው። ስንመጣ መኪና ውስጥ፣ «ወረቀቱ ካለ እችላለሁ። ዛሬም ከጠፋብኝ ግን በቃኝ፤ ሁለተኛ ፒያኖ አልነካም» አለች።

«ሟርተኛ!» አልኳት።

እንደገና ነቀነቀች። ጣቴ አልቦታል፤ ገለጥኩ። ወዲያው ፊቷ ልውጥ አለ። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ነው የገለጥኩት!

ወይ ጉዴ! ልመልሰው ብል ቅጠሎቹ ተጣብቀው እምቢ አሉ። በላኋት፣ እህቴን በገዛ እጄ በላኋት አልኩ በሆዴ። ጣቶቿ የሚቆሙበትን ቅጽበት ጠበቅኩ።

አልቆሙም።

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ እጆቿ ግን እየሮጡ ነው። ግራው ከታች ሲያጉረመርም ቀኙ ከላይ ይመልስለታል፤ የተቀመጥኩበት ወንበር ሳይቀር ይርገበገባል። አንድ ቦታ ላይ ዘግየት አለች። አለፈችው! ሃያ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር፣ ስትለማመድ «ኧረ ተይ፣ ጆሮዬን በላሽው» እያልኩ የስፌት መኪናዬን ሳንኳኳ ነው የከረምኩት። ለካ ይሄን ነበር የምትጫወተው! ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ ይወጣል? ያውም መርፌ ላይ ክር ማስገባት ከሚያቅታት ከኔ እህት?

ቅጠሎቹ በመከራ ተላቀቁ። ትክክለኛውን ገጽ ዘረጋሁና በሹክሹክታ፣ «ይኸው፣ ይኸውልሽ» አልኳት።

ዓይኗን ከፈተች። ጣቶቿ ሳይቆሙ መጀመሪያ ገጹን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«አንሺልኝ፣ እትዬ» አለች።

ኖታውን ከፊቷ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና፣ እጆቼን በላዩ አጣጥፌ፣ እንደ ሌላው ሰው እኔም አደመጥኳት።