ከኋላ ያለው ይጮሃል

እኔና ጓደኛዬ ይትባረክ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ከፓርክዴል ተነስተን በሐይቁ ዳር ብስክሌት ስንነዳ አንድ ደንብ ነበረን፤ መኪና ሲመጣ ከኋላ ያለው ይጮሃል። አምና በሰኔ ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስልኬን እያየሁ ሳልጮህ ቀረሁ፤ መኪናው ገጭቶ ገደለው። እናቱን ግን «ጮኼ ነበር እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ድልድዩን እንዳለፍኩ ከኋላዬ «መኪና!» የሚል የይትባረክ ድምፅ ሰማሁ። ዳር ያዝኩ፤ መኪናው አለፈ። ሁለቴ ደገመልኝ። በምን ዓይኔ ዞሬ ልየው?

ስመለስ «በል፣ አሁን ያንተ ተራ ነው» አለኝ። ቀዝቃዛ ነፋስ በግራዬ አልፎኝ ሄደ። ወዲያው ከኋላ የሞተር ድምፅ መጣ።

«መኪና!» ብዬ ጮህኩ።

ከፊቴ፣ ማንም በሌለበት እርጥብ አስፋልት ላይ፣ አንድ የብስክሌት ጎማ መስመር እየተሰመረ ወደ ዳር ወጣ።