የኦፕራሲዮን ክፍል

ስንዱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ደም ሲፈስሳት እናቷ ጮኸች፤ ጎረቤት ተረዳድቶ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሳት። ለቦታው አዲስ የሆነው ሐኪም መርምሯት ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል።

«እናቴ፣ ልጅዎ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። እዚህ ግን ክፍሉ የለንም። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።»

እናቲቱ የሐኪሙን ጋውን ጨምድዳ ያዘች። «ትሞትብኛለች! ይህን የሚያህል ሆስፒታል እንዴት አንድ ክፍል ያጣል?»

«የኦፕራሲዮን ክፍል የሚጨምረው የሆስፒታሉ ማስፋፊያ ፕላኑ ጸድቆ፣ በጀቱም ተይዞ ነበር አሉ። አንዲት ሴትዮ ቤቴን አላስነካም ብለው በፍርድ ቤት አሳገዱት። ይኸው ሦስት ዓመቱ።»

እናቲቱ ወደ ውስጥ ስትገባ ስንዱ ከአልጋው ላይ እጇን ጨበጠች። «እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

እናቲቱ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። በመስኮቱ፣ ከአጥሩ ጀርባ፣ የቤቷ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል።