ከወንዙ ማዶ

ሰውየው በሰሜን ሰርቢያ ከማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነት ተነስቶ ከንቲባ፣ ቀጥሎም የክፍለ ሀገሩ የመንገድ ሥራ ኃላፊ ሆነ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓርቲ ቢቀይርም፣ የምርጫ ንግግሩን ግን አንድም ቀን አልቀየረም።

«የተወለድኩባት መንደር ሰው በጀልባ መሻገሩ ይብቃው! ድልድይ እሠራለታለሁ!» ይላል። የወረዳው ሕዝብ ያጨበጭብለታል፤ ይመርጠዋልም። እሱ ራሱ ወደ መንደሩ ከተሻገረ ግን ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ጡረታው ሲቃረብ የገባው ቃል ከነከነው። የሚኒስትሮችን ደጅ ጠና፣ ከፓርቲው አለቆች ጋር ተጣላ፣ በመጨረሻ ድልድዩ ተሠራ።

በምረቃው ቀን የማርሽ ባንዱ እየተጫወተ ሪባኑን ቆረጠና ከማዶ የሚመጣውን ሕዝብ ይጠብቅ ጀመር። የመጣው ለድልድዩ ሥራ ዕቃ ሲያመላልስ የከረመ አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነበር። ከሾፌሩ አጠገብ አሮጊቷ አክስቱ ዴሳንካ ተቀምጠዋል። ከኋላ አልጋ፣ ምድጃና አንድ ግዙፍ የእንጨት ቁምሣጥን ተጭኗል።

መኪናውን አስቆመና፣ «አክስቴ፣ ሌላው ሰውስ?» አላቸው።

«የምን ሰው? ወጣቱ ጀርመን ገባ፣ ሽማግሌው መቃብር ወረደ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ወዴት ነዎት?»

አክስቱ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ጉንጩን ዳበሱት።

«ከተማ፣ ልጄ ዘንድ ልገባ ነዋ። ይሄ ቁምሣጥን ጀልባ ላይ አልወጣ ብሎኝ እኮ ነው እስከ ዛሬ አንተን ስጠብቅ የኖርኩት። ተባረክ፣ የኔ ልጅ!»